ሆያ ሆዬን በጥቁር ወረቀት፦ ከልጆች ዜማ መነሻ ተነሥቶ የቆረጣ ሥዕል መሥራት

በነሐሴ ምሽት ልጆች በየደጃፉ እየዞሩ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ የሚሰማ ሰው፣ ዜማው ልቡን ይወስደዋል እንጂ ቃላቱን አንድ በአንድ አያዳምጥም። ቃላቱን ለማጤን የሚገደደው ዜማውን በሥዕል ላሳይ ብሎ የተነሣ ሰው ነው፤ ሠዓሊ ጢሱ ከየት እንደሚጨስ፣ በሩ የማን እንደሆነ፣ ልጁም በእጁ ምን እንደያዘ ሳይወስን አንዲት መስመር እንኳ ማስመር አይችልም። በተቆረጠ ወረቀት የሚሠራ ሥዕል ደግሞ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ይፈልጋል። በእርሳስ እንደሚሠራው ግራጫ የለውም፤ ያለው ወረቀቱና ከወረቀቱ ተፈልፍሎ የወጣው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማስረዳው አንድ የቡሄ ሥዕል ከዜማው መነሻ ተነሥቶ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ነው፤ መንገዱን የያዘ ሰው «አበባየሆሽ»ንም ሆነ የሰፈሩን ሌላ የልጆች ዜማ በዚያው ሊሠራ ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ከምላጭና ከወረቀት ሳይሆን ከመጠየቅ ነው። የሆያ ሆዬ ስንኞች ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከመንደር መንደር ይለያያሉ፤ ስለዚህ በቅድሚያ እርስዎ ያደጉበትን ወይም ወላጆችዎ ያደጉበትን አካባቢ አባባል ከአንድ ዕድሜ ጠገብ ሰው አፍ በስልክዎ ይቅረጹ፣ ከዚያም እንዳለ ይጻፉት። ማን እንደነገረዎት፣ የት እንደሰማው፣ በስንት ዓመቱ ይጨፍር እንደነበር አብረው ይመዝግቡ። ስለ ትርጉሙ ብቻ ጠይቀው አይመለሱ፤ ለሥዕል የሚጠቅመው በዓይን የሚታየው ነገር ነውና ዱላው ምን ያህል ይረዝም እንደነበር፣ ልጆቹ ምን ለብሰው እንደነበር፣ ዳቦውን በምን ይቀበሉት እንደነበር፣ በሩ እንጨት ይሁን ቆርቆሮ ይጠይቁ። እኔ አንዲት የጎረቤታችንን አዛውንት «እማማ፣ ሙልሙሉ ክብ ነበር ወይስ ሞላላ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እንደ ጋጋሪዋ እጅ ነው፤ ብቻ ልጁ በአንድ እጁ ይዞ የሚሮጥበት ያህል ነው» አሉኝ። ይህ መልስ በሥዕሉ ላይ የዳቦውን መጠን ከማንኛውም መግለጫ አብልጦ ወስኖልኛል፤ ዳቦው ከልጁ መዳፍ ጥቂት ያለፈ መሆን ነበረበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የመነሻው ጥያቄ ነው። ሆያ ሆዬ ሁለት መነሻዎች ተደራርበውበታል፤ ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሠዓሊ ሁሉንም ነገር አንድ ወረቀት ላይ አጭቆ ሥዕሉን ያበላሻል። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል፣ ክርስቶስ በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት መልኩ የተለወጠበትን፣ ፊቱም እንደ ፀሐይ ያበራበትን ዕለት ያስባል። በአበው ትውፊት እንደሚተረከው በዚያ ምሽት ብርሃኑ እጅግ ስለደመቀ በአካባቢው የነበሩ እረኞች ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ ከዚህ ትረካ ጋር ይያያዛሉ። ቡሄ የሚለውን የዚህን በዓል ሌላ ስም ብራ፣ ገላጣ ማለት ነው ብለው የሚፈቱ አሉ፤ ሊጥ ከሚባለው ከቡሆ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። የእረኞቹ ታሪክ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ውስጥ አይገኝም፤ በትውፊት የመጣ ነው። ይህን ማወቅ ሥዕሉን አያሳንሰውም፤ ነገር ግን ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈውን መግለጫ እውነተኛ ያደርገዋል።

ሁለተኛው መነሻ የግብር ቤት፣ ማለትም የመኳንንት የድግስ ቤት፣ ነው። «እዛ ማዶ ጢስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ ይደግሳል» የሚለውን ስንኝ ቀስ ብለው ያንብቡት። አጋፋሪ በቀድሞው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት ሥርዓት እንግዳ የሚያስገባ፣ ግብር ሲበላም ተጋባዡን እንደየማዕረጉ የሚያስቀምጥ ሹም ነበር። እረኛው ልጅ ከዚህ ማዶ ቆሞ የድግሱን ጢስ ያያል፤ ወደ ደጁ ይጠጋል፤ በሩ እንዲከፈትለት ይጮኻል። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ስንኞች ሁሉ፣ ውዳሴውም ልመናውም ማስፈራሪያውም፣ በደጃፍ ላይ ቆሞ የሚነገሩ ናቸው። እኔ የዚህን ዜማ ሥዕል ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሁለቱን የጣልኳቸው ይህን ሳላስተውል ልጆቹን በሜዳ ላይ ስላቆምኳቸው ነው። ሆያ ሆዬ የደጃፍ ዜማ ነው፤ ያለ በር አይሣልም።

ስለ መነሻ ሲነሣ ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላም ነገር አለ። የልጆች ዜማ ሁሉ ከበስተጀርባው የተደበቀ አስፈሪ ምሥጢር ያለው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እንግሊዛውያን ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዞሩ የሚዘፍኑትና መጨረሻው ላይ መሬት የሚወድቁበት የጽጌረዳ ቀለበት ዜማ እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደንን የመታው ወረርሽኝ ትዝታ ነው ሲባል ኖሯል። ሆኖም ዜማው በእንግሊዝ በሕትመት የታየው በ1881 ሲሆን፣ የወረርሽኙ ማብራሪያም መስፋፋት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ የልጆችን ዜማ ሲያጠኑ የኖሩት ኦፒ የተባሉት ባልና ሚስትም ማብራሪያውን አልተቀበሉትም። ወረርሽኙን አምኖ አጽም የቆረጠ ሠዓሊ የሠራው የሌላ ሰው ግምት ሥዕል ነው። በእኛም ዘንድ የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው የሚል ትርጓሜ አለ፤ ጅራፍ ደግሞ አስቀድሞም የእረኛ መሣሪያ ነው። ሁለቱን የሚያስማማው መንገድ ጅራፉን በእረኛው እጅ ላይ እንዳለ መቁረጥና ትርጓሜውን ለተመልካቹ መተው ይመስለኛል። ከሰማይ የሚወርድ መብረቅ መጨመር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ እንምጣ። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። በዓሉ በክረምቱ ጨለማ ውስጥ የሚመጣ የብራ ምልክት ነው። እንግዲያው ጥቁሩን ወረቀት እንደ ክረምቱ ሌሊት ይቁጠሩት፤ የሚቆርጡት ደግሞ ብርሃኑን ብቻ ይሁን። ይህ ማለት የልጆቹን አካል ዙሪያውን ቆርጦ ማውጣት ቀርቶ፣ ከተከፈተው በርና ከችቦው የሚመጣው ብርሃን የነካቸውን ጠርዝ ብቻ መፈልፈል ማለት ነው፤ የአንዱ ልጅ ጉንጭ፣ የሌላው ትከሻ፣ የዱላው አንድ ጎን። ብርሃኑ ከቀኝ ከመጣ በሁሉም ልጆች ላይ የሚቆረጠው የቀኝ ጠርዛቸው ነው፤ አንዱን በግራ ከቆረጡት ዓይን ወዲያው ይሰናከላል። አብዛኛው ወረቀት ሳይቆረጥ ስለሚቀር ሥዕሉ ጠንካራ ይሆናል፣ ለጀማሪም ይቀላል።

ለመሣሪያው ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ጥቁር ወረቀት ይምረጡ፤ ከዚያ የሳሳው ይቀደዳል፣ ከ200 ግራም ያለፈው ደግሞ እጅ ያደክማል። ለመቁረጫ ከሕክምና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ቁጥር 11 የቀዶ ሕክምና ምላጭ ከቁጥር 3 እጀታ ጋር ከማናቸውም የተሻለ ነው፤ ጫፉ ሹል ስለሆነ ለጠባብ ማዕዘን ይመቻል። ምላጩን በጣትዎ ሳይሆን በፒንሳ ይዘው ይክተቱ፤ ያረጀውንም ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ያጠራቅሙ እንጂ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉት። ከሥር የሚነጠፍ የመቁረጫ ላስቲክ ካላገኙ ወፍራም ካርቶን ይበቃል፤ ምላጩ በቆረጠው ፈር እንዳይሳብ ግን ካርቶኑን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይኖርብዎታል። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ስስ ነጭ ወረቀትና በቀላሉ የሚላቀቅ የወረቀት ፕላስተር ከያዙ ተሟልቷል።

ንድፉን በነጩ ወረቀት ላይ ይሥሩ። ዙሪያውን ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክፈፍ ይተዉ፤ ሥዕሉን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። በግራ በኩል ከላይ ማዶውን ኮረብታና ቀጭን ጢስ፣ በመሐል ልጆቹን፣ በቀኝ የተከፈተውን በር ያስቀምጡ። የዜማው አካሄድ አንድ አውራጅና ብዙ ተቀባይ ስለሆነ፣ ይህንኑ በቅርጽ ማሳየት ይቻላል፤ አውራጁ ልጅ ብቻውን ወደ በሩ ቀድሞ ገዘፍ ብሎ ይቁም፣ ተቀባዮቹ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው፣ ዱላቸው እኩል ተነሥቶ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይደጋግሙ። «ሆ!» እያለ የሚመለሰው ድምፅ በዱላዎቹ ድግግሞሽ ይሰማል።

ከሁሉም የሚከብደው በሩ ነው። በሩ ትልቁ የብርሃን ቦታ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይፈለፈላል። በዚያ ብርሃን መካከል ደግሞ ዳቦ የምትሰጠውን እናት ማቆም እንፈልጋለን። በባዶ ቦታ መሐል የቆመ ጥቁር ምስል ከወረቀቱ ጋር የሚያያዘው በእግሩ ብቻ ከሆነ ሲነሣ ይታጠፋል፣ ውሎ አድሮም ይበጠሳል። በወረቀት ቆረጣ ውስጥ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያያይዘውን ቀጭን መስመር ድልድይ እለዋለሁ፤ የሥራው ጥበብም ድልድዩን ድልድይ እንዳይመስል ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ዜማው ራሱ መፍትሔውን ይሰጠናል። የእናትየው አንድ እጅ ሙልሙሉን ይዞ ከበሩ ብርሃን ወጥቶ ወደ አውራጁ ልጅ እጅ ይዘርጋ፤ ሌላው እጇ መቃኑን ይያዝ። በግራ የሚሰጠው ክንድ፣ በቀኝ መቃኑን የያዘው ክንድ፣ ከታች እግሯ ከመድረኩ ጋር፤ በሦስት ቦታ ተይዛለች ማለት ነው። ክንዱ በአንጓው ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይሳሳ ይጠንቀቁ። በኤ4 ወረቀት ላይ የትኛውም ድልድይ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች መሆን የለበትም።

በዚህ ረገድ ከአገራችን የመስቀል አንጥረኞች የሚበልጥ አስተማሪ አላውቅም። የላሊበላን ወይም የጎንደርን የመጾሪያ መስቀል ተጠግተው ይመልከቱ፤ የተፈለፈለው ቦታ ከቀረው ብረት ይበዛል፣ ሆኖም ተነጥሎ የሚወድቅ አንዲት ቅንጣት የለም፤ እያንዳንዱ ሐረግ ከጎረቤቱ ጋር ተቆላልፎ ይዞራል። የብራና መጻሕፍት ሐረግም በዚሁ መንገድ የተጠላለፈ ነው። የክፈፍዎን ውስጠኛ ጠርዝ በሐረግ ለማስጌጥ ካሰቡ ከእነዚህ ላይ መገልበጥ ይማሩ፤ ጌጡ ራሱ ድልድይ ሆኖ ያገለግልዎታል።

ንድፉ ሲያልቅ የሚቀረውን ክፍል ሁሉ በጥቁር ቀለም ሞልተው የጣት ፈተና ያድርጉ። ጣትዎን በክፈፉ ላይ ያሳርፉና ሳያነሡ በጥቁሩ ላይ ብቻ እየሄዱ ወደ እያንዳንዱ ክፍል ለመድረስ ይሞክሩ። ሊደርሱበት ያልቻሉት ጥቁር ክፍል ካለ ሲቆረጥ ይወድቃል። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ይህን ፈተና ዘልዬ፣ የማዶውን ጢስ ውብ አድርጌ አጠማዝዤ ጫፉን ከራሱ ጋር አገናኘሁት፤ መጨረሻዋን ቁራጭ ሳወጣ ከጥምዝምዙ መሐል የነበረው ወረቀት አብሮ ወጣ፣ በጢሱ ቦታም ክብ ቀዳዳ ቀረ። የጢስ ጥምዝምዝ ምንጊዜም አንድ ቦታ ላይ ክፍት መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ንድፉን በስልክ ፎቶ አንሥተው በአውራ ጣት ጥፍር መጠን አሳንሰው ይዩት፤ በሩና ልጆቹ በዚያ መጠን ካልተለዩ ዝርዝሩ በዝቷል ማለት ነው።

በሥዕሉ ላይ ጽሑፍ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ፊደላችንን በቅርብ ይመርምር። ኃምስ ፊደላት አብዛኞቹ ቀለበት አላቸው፤ «ቡሄ» ላይ ሄ፣ «ሆዬ» ላይ ዬ ቀለበታቸው ዝግ ነው። ፊደሉ ራሱ ባዶ ሆኖ ከተፈለፈለ የቀለበቱ ውስጥ ተነጥሎ ይወድቃል፤ ስለዚህ ቀለበቱን በአንድ ጎን በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ድልድይ ይክፈሉት። መ፣ ወ እና ዐ የመሳሰሉትም ይህንኑ ይፈልጋሉ። ድልድዮቹ በሁሉም ፊደላት ላይ በአንድ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ሁሉም ከላይ፣ ቢሆኑ ስሕተት ሳይሆን የአጻጻፍ ስልት መስለው ይታያሉ። ንድፍዎን በጥቁሩ ወረቀት ጀርባ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ጽሑፉ ፊት ለፊት ሲታይ ተገልብጦ እንደሚነበብ አይዘንጉ።

ለመቁረጥ ነጩን ንድፍ በጥቁሩ ላይ በፕላስተር አስረው ሁለቱን አብረው ይቁረጡ። ከዳር ብቻ ካሰሩት መሐሉ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ እንደ በሩ ባሉት፣ በኋላ በሚወጡት ሰፋፊ ቦታዎች ውስጥም ፕላስተር ይለጥፉ፤ ሲቆረጡ አብሮ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከመሐል ወደ ዳር ነው፦ በመጀመሪያ የልጆቹ ፊትና የዱላዎቹ ጠርዝ፣ ከዚያ ጢሱና የችቦው ነበልባል፣ በመጨረሻ በሩ። በሩን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው የእናትየዋን ነጠላ ጥለት ሲሠራ ወረቀቱ ከእጁ ሥር እየተንቀሳቀሰ ያስቸግረዋል። ምላጩን እንደ እርሳስ ይያዙት፣ ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ኩርባ ሲመጣ እጅዎን ከማጠፍ ይልቅ ወረቀቱን ያዙሩት። ማዕዘን ላይ ሁለቱም ቁርጦች ከማዕዘኑ ነጥብ ተነሥተው ወደ ውጭ ይሂዱ፤ ያኔ ቁራጩ ሳይጎተት ይወጣል። የማይወጣ ከሆነ በፍጹም አይሳቡት፤ ገልብጠው ከጀርባ ያልተቆረጠውን ክር ይፈልጉ። የቁርጡ ጠርዝ መሻከር ከጀመረ ምላጩ ደንዝዟል፤ ለአንድ ኤ4 ሥዕል ሦስት ወይም አራት ምላጭ መለወጥ ብክነት አይደለም።

ከልጆች ጋር የሚሠራ ወላጅ ወይም መምህር ምላጩን ትቶ በመቀስ ይጀምር። ረጅም ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ወዲያና ወዲህ አጣጥፈው ዱላ የያዘ የአንድ ልጅ ግማሽ አካል ከላይ ይሣሉ፤ እጁ የማጠፊያውን ጠርዝ መንካት አለበት፣ እሱ ካልነካ ሲዘረጋ ልጆቹ ይለያያሉ። ተቆርጦ ሲዘረጋ የተቀባዮቹ ረድፍ በአንድ ጊዜ ይወጣል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ንድፉን ከኢትዮጵያ ከተቀበሉ፣ እዚያ የሚሸጠው የተለመደ ወረቀት ከኤ4 ሰፋ ብሎ የሚያጥር፣ 216 በ279 ሚሊ ሜትር የሆነ ስለሆነ ሲያትሙ ክፈፉ እንዳይቆረጥ አስቀድመው ያሳንሱት።

ሥዕሉ ሲያልቅ ከጀርባው የሚለጠፈው ነገር ብርሃኑን ይወስናል። በበሩና በችቦው ጀርባ ብቻ ስስ ቢጫ ወረቀት፣ በቀረው ነጭ ማድረግ እኔን አስደስቶኛል፤ ጢሱ ግን ነጭ ሆኖ ይቅር። ኮላውን በጥቂቱ፣ በጥርስ እንጨት ጫፍ፣ በክፈፉና በሰፋፊዎቹ ጥቁር ክፍሎች ላይ ብቻ ይቀቡ፤ ውኃ የበዛበት ኮላ ወረቀቱን ያጨማድዳል። ከኮላ ይልቅ በክፈፉ ሥር 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቶን ጥብጣብ ቢያስገቡ ሥዕሉ ከጀርባው ገፋ ብሎ ጥላ ይጥላል። በብርሃን ሣጥን ለማሳየት ከፈለጉ የማይሞቅ የኤልኢዲ አምፖል ይጠቀሙ፤ ሻማ ወይም ጧፍ ከወረቀት ጀርባ በጭራሽ አይቀመጥም። ለኅትመት የሚሄድ ከሆነ ከነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ያድርጉት።

ከመሰቀሉ በፊት ሥዕሉን ይገልብጡና በክፈፉ ጀርባ ላይ በእርሳስ የቆረጡበትን ስንኝ እንዳለ፣ የነገረዎትን ሰው ፈቃድ አግኝተው ስሙን፣ ዜማውን የተማረበትን አገርና የቀረጹበትን ቀን ይጻፉ። በሚቀጥለው ነሐሴ ሌላ አባባል ከሌላ ሰው ሲሰሙ፣ የትኛው በር፣ የትኛውም ጢስ ከማን አፍ እንደመጣ ከዚያ ላይ ያገኙታል።